የመጨረሻው መንጋጋና የጥርስ ሽቦ

ከ17 እስከ 25 ዓመት ገደማ የሚበቅለውን የመጨረሻ መንጋጋ ዐረቦች «የአእምሮ መንጋጋ» ይሉታል። ቦታ ሲጠበው ተጋድሞ ድድ ያሳብጣል። ካላስቸገረ ሁልጊዜ አይነቀልም፤ አፍ አልከፈት ካለ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም መዋጥ ከከበደ ግን በቅርንፉድ ማባበሉ ይቅርና ወዲያውኑ ሆስፒታል ይኬድ።

የጥርስ ሽቦ እንኳ ጊዜ ይሰጣል። ልጃችሁን አዲስ አበባ ወስዳችሁ ከማሳሰራችሁ በፊት መንገዱን አስሉ እንላለን። ሐኪሙ ሽቦውን በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ያስተካክላል፤ ይህም ብዙውን ጊዜ እስከ 2 ዓመት ይዘልቃል። ከነቀምቴ ከ300፣ ከጊምቢ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የደምቢ ዶሎው ይብሳል። በቅርብ የሚከታተል ሐኪም መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ቆሎ ሽቦውን ይነቅላልና ይቅር። ሚስዋክ ሱና ነው፤ በሽቦው ሥር የገባውን ምግብ ለማውጣት ግን ብሩሽ ይጨመርበት።