ለጨዋታ የተጠመደ ዓሣ ስንት ያወጣል?

ከውጭ ለዕረፍት የሚመጣ ዘመድ ያለው ሰው «ዓሣ የት ነው የሚጠመደው?» የሚለውን ጥያቄ ሳይሰማ አይቀርም። እኛም «የፈለግክበት!» እንላለን። ላንጋኖ በለው፣ ዝዋይ በለው፣ ቆቃ በለው፣ ማን ይከለክልሃል? መልሱ እንግዳ ተቀባይነት ይመስላል። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ እኔ ግን የሚታየኝ ዋጋ ያልወጣለት ሀብት ነው። ዋጋ ያልወጣለት ሀብት ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል።

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ከጀርመን መጥቶ አቦምሳ እኛ ጋ ሰንብቶ ነበር። ሻንጣው ውስጥ ከቸኮሌቱና ከሽቶው ጋር ታጣፊ የማጥመጃ ዘንግ ይዟል። መጀመሪያ ያሰበው ወደ ቆላው ወርዶ አዋሽ ላይ መንጠቆ ለመጣል ነበር። ጎረቤቶቻችን «አዞው አንተን ያጠምድሃል» ብለው አስቀሩት፤ ደግ አደረጉ። ስለዚህ በአዳማ በኩል ቆቃ ሄድን። ቆቃ ያው በጣሊያን የጦር ካሣ የተሠራው ግድብ የፈጠረው ሐይቅ ነው። ለመብራት ተብሎ የተገደበ ውኃ ዛሬ ቆሮሶም፣ አምባዛም፣ ካርፕም ያበላል።

ጀልባ ተከራየን። ባለ ጀልባው ሌሊት መረብ የሚጥል፣ ቀን እንግዳ ሲገኝ የሚያዞር አስጋሪ ነው። ዘመዴ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቆ አንድ ደህና ቆሮሶ ያዘ፤ ፎቶ ተነሣና መልሶ ለቀቀው። ባለ ጀልባው ደነገጠ። «ወንድሜ፣ እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ለፍቼ እንዲህ ያለ ሦስት አራት ባገኝ ነው። ካልበላኸው ለምን አሠቃየኸው?» አለው።

ዘመዴ ሣቀ። «ጀርመን ቢሆን ይሄ ሰውዬ ያስከስሰኝ ነበር» አለ። እዚያ በአብዛኛው ክፍለ ግዛት መንጠቆ ለመጣል ኮርስ ወስዶ፣ ተፈትኖ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው። ከዚያ ደግሞ ለሚጠመድበት ውኃ ለብቻው ካርድ ይገዛል። የእንስሳት ጥበቃ ሕጋቸው ያለ በቂ ምክንያት እንስሳን ማሠቃየት ስለሚከለክል፣ ለመብላት ሳያስቡ ለደስታ ብቻ ዓሣ ይዞ መልቀቅ ሊያስቀጣ ይችላል። የቆቃው አስጋሪና የጀርመን ዳኛ ሳይተዋወቁ ተስማሙ ማለት ነው።

ሌላኛው ጫፍ ግብፅ ነው። የዓባይ ውኃ አስዋን ላይ ተገድቦ በፈጠረው የናስር ሐይቅ አውሮፓውያን ለቀናት ጀልባ ተከራይተው ነጭ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ የያዙትን በአብዛኛው ይለቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 እዚያ በመንጠቆ የተያዘ አንድ ነጭ ዓሣ 104 ኪሎ መዝኖ በዓለም ክብረ ወሰንነት ተመዝግቧል። ይኸው ዝርያ እኛም ጋ ጫሞና አባያ ውስጥ አለ። እኛ ጋ ግን በመረብ ይወጣና በኪሎ ይሸጣል።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። አንድ ዓሣ ሐይቅ ዳር 300 ብር ያወጣል እንበል። አንዴ ተሸጠ፣ አለቀ። እንግዳ ለቀን ካርድ 500 ብር ከፍሎ ያንኑ ዓሣ ይዞ ቢለቀው ግን ነገ ሌላ እንግዳ ይከፍልበታል፤ ዓሣውም በመሀል ይራባል። (የተለቀቀ ሁሉ ይድናል ማለቴ አይደለም። መንጠቆ የዋጠና ለፎቶ ተብሎ ከውኃ ውጭ የቆየ ይሞታል።) ዘመዴ ያን ቀን ለጀልባ ከፍሏል፣ ለምሳ ከፍሏል። ለሐይቁ የከፈለው ዜሮ ነው። የጠየቀውም የለም።

ይሄ ለምን ያስቸኩላል? ዝዋይ ላይ የቆሮሶው ምርት ባለፉት ዐሥርት ዓመታት እየቀነሰ ቦታውን ካርፕና አምባዛ እየወሰዱት ነው። በሁዳዴ የአዲስ አበባ ፍላጎት ሲያሻቅብ ዐይኑ ጠባብ መረብ የሚጥል አይጠፋም፤ ያልደረሰው ዓሣ ሁሉ አብሮ ይወጣል። በአስጋሪው አልፈርድም፤ ልጆቹ ዛሬ መብላት አለባቸው። ሌላ ገቢ ሳያሳዩት «ሐይቁን ጠብቅ» ማለት ግን ስብከት ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ልምድ የለም እንዳይባል፣ ባሌ ዲንሾ አካባቢ ወንዞች ውስጥ ያለው ትራውት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀው ለመዝናኛ አጥማጆች ታስቦ ነው።

እኔ የጀርመኑንም የግብፁንም እንዳለ ይቀዳ አልልም። የቀን ካርድ ይኑር፤ የሚሸጠው ሐይቁ ዳር ያለው የአስጋሪዎች ማኅበር ይሁን፤ ገንዘቡም እዚያው ይቅር። ዓሣው በሚራባበት ወቅት ይዘጋ። ትንንሹ ይለቀቅ፣ የደረሰውን እንግዳው ይዞ ይብላ፤ በዚህ እንኳ ከባለ ጀልባው ጋር ነኝ። በቀን ከሁለት በላይ ግን አይወሰድ።

«ሌላ ደረሰኝ ልትጨምርብን ነው?» የሚል ጓደኛ አለኝ። ስጋቱ እውነት ነው። ካርዱ ከተማ ውስጥ ቢሮ ተቀምጦ የሚሸጥ፣ ገንዘቡም ቀጥታ ወደ ወረዳ ካዝና የሚገባ ከሆነ ባለ ጀልባው እንግዳውን በጓሮ ያስገባዋል። እሱን ብሆን እኔም ያንኑ አደርግ ነበር። ለዚህ ነው ጉዳዩ ያለው ከካርዱ ዋጋ ይልቅ ማን ይሸጠዋል በሚለው ላይ ነው የምለው።

የአቦምሳን ሥራ አጥ ወጣት ይሄ ያሰማራዋል አላልኩም፤ ገበያው ትንሽ ነው። ጅምሩ ላንጋኖ ቢሆን ይሻላል፤ ማረፊያዎቹ አሉ፣ እንግዳውም ያድራል። ቆቃ ቀጥሎ ይምጣ። እዚያ ከካርዱ በፊት ለጀልባዎቹ የሕይወት አድን ጃኬት ይገዛ፤ እኛ በተሳፈርንበት ጀልባ ላይ አንድም አልነበረም።