ከነዘፈኑ ይውጣ፤ ካልሆነ ይነገረን

«ዘ ወንደር ይርስ» የተሰኘው የአሜሪካ የቤተሰብ ድራማ በኤቢሲ ቴሌቪዥን የመጨረሻ ክፍሉ የታየው በ1993 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው)። ስድስቱ ምዕራፎች፣ 115ቱም ክፍሎች ተሟልተው በዲቪዲ ለቤት ዕይታ የወጡት ግን በ2014 ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ማለት የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች አግብተው፣ ወልደው፣ ልጆቻቸው ለአቅመ ተመልካችነት የደረሱበት ጊዜ ነው። ይህ ዝግጅት ክፍል ግን መዘግየቱን አይነቅፍም። እንዲያውም ልክ ነበር ይላል።

ያዘገየው ዘፈን ነው። ድራማው በ1988 ሲጀምር የሃያ ዓመት የኋላ ጊዜ ይተርክ ነበር፤ ከ1968 እስከ 1973። በዚያ ዘመን በየቤቱና በየመኪናው ይሰሙ ከነበሩት ዘፈኖች ከ300 የሚበልጡት ገብተውበታል። አዘጋጆቹ በ1980ዎቹ ፈቃድ የገዙት ለቴሌቪዥን ስርጭት ነበር፤ አንድ ቀን ድራማው በሳጥን ታሽጎ ይሸጣል ብሎ የተዋዋለ አልነበረም። ዲቪዲ ሲመጣ ድርድሩ እንደ አዲስ ተጀመረ። ያውም ለአንድ ዘፈን ሁለት በር ማንኳኳት ያስፈልጋል፤ ግጥምና ዜማው የአንዱ፣ የተቀረጸው ድምፅ ደግሞ የሌላው ንብረት ነውና። አንዱ እሺ ብሎ ሌላው ዋጋ ከሰቀለ ዘፈኑ ቀረ።

ዘፈኑ ቢቀር ምን ይቀራል? የመጀመሪያውን ክፍል ማየት ይበቃል። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ኬቨን አርኖልድ የጎረቤታቸው ልጅ የሆነችው የዊኒ ወንድም ቬትናም ላይ መሞቱን ይሰማል። ዊኒን ፍለጋ ወደ ጫካው ሲሄድ ብቻዋን ተቀምጣ ያገኛታል። የሚለው ነገር ይጠፋበታል፤ ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርግላትና አጠገቧ ይቀመጣል። ያኔ የፐርሲ ስሌጅ ድምፅ ይገባል፤ «ዌን ኤ ማን ላቭስ ኤ ውማን»። ሁለቱ ልጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ይሳሳማሉ። ዘፈኑ ስለ ትልልቅ ሰዎች ፍቅር ነው፤ እነሱ ገና ልጆች ናቸው፤ ሐዘኑ ደግሞ የአገር ሐዘን ነው። ሦስቱን አንድ ላይ የያዛቸው ያ ድምፅ ነው። በርካሽ የተገዛ የፒያኖ ሙዚቃ ተተክቶበት ቢሆን ትዕይንቱ ተራ የልጆች መሳሳም ሆኖ ይቀር ነበር።

የአቋራጩን መንገድ የሞከሩ አልጠፉም። ይኸው ድራማ ቀድሞ ኔትፍሊክስ ላይ ሲወጣ በመክፈቻው የተሰማው ዋናው ዘፋኝ ጆ ኮከር ሳይሆን እሱን የሚያስመስል ሌላ ድምፃዊ ነበር። «ዳውሰንስ ክሪክ» ደግሞ ከሦስተኛው ምዕራፍ ጀምሮ በዲቪዲ ሲታተም ሕዝብ የለመደው የፖላ ኮል መክፈቻ ዘፈን ወጥቶ የሌላ ድምፃዊት ገባበት። ገዢው እንዲህ ያለውን ለውጥ የሚያውቀው ቤቱ ገብቶ ከከፈተው በኋላ ሊሆን ይችላል። በሌላ ዕቃ ንግድ ቢሆን ይህ ስሙ ማታለል ነበር።

እርግጥ ነው፣ ድራማን የሚሸከመው ዘፈን ብቻ አይደለም። ኬቨን አባቱን ተከትሎ ቢሮ የሚውልበት ክፍል አለ። ቤት ውስጥ ሁሉም የሚፈራው አባት በአለቃው ሲጮኽበት ልጁ ያያል። በወጣትነቱ በከዋክብት እየተመራ የሚጓዝ የመርከብ አዛዥ መሆን ይመኝ እንደነበር አባቱ የሚነግረውም ያን ቀን ነው። ማታ አባት እንደ ልማዱ ግቢ ወጥቶ በቴሌስኮፑ ሰማዩን ሲያይ ልጁ ይከተለዋል። ዳን ላውሪያ የአባቱን ሚና የተጫወተበት መንገድ ከማንኛውም ዘፈን አይተናነስም። «ተዋናዩ ካለ ምን ጎደለ?» የሚል ሰው ይህን ክፍል ቢጠቅስ አይፈረድበትም። ግን አንድን ሥራ ከግማሽ አካሉ ለይቶ «ይኸው፣ ዋናው አለ» ማለት የአዘጋጁን ውሳኔ በነጋዴው ውሳኔ መተካት ነው። ዘፈኖቹን አንድ በአንድ የመረጠ ሰው ነበረ።

በ2014ቱ ዕትም ከዘፈኖቹ የሚበዙት በቦታቸው ተመልሰዋል፤ ዋጋ ወይም ፈቃድ ያልተገኘላቸው ጥቂቶቹ ብቻ ተተክተዋል። ጆ ኮከርም በመክፈቻው አለ፤ ራሱ ያረፈው ዕትሙ በወጣ በሁለት ወር ገደማ ነው። ማሸጊያውን ግን አላደነቅንም። ዲስኮቹን የተማሪ ሎከር በሚመስል የብረት ሳጥን ከትቶ ዋጋውን ወደ 250 ዶላር ማስጠጋት ለሰብሳቢ እንጂ ለቤተሰብ አይሆንም።

ጉዳዩ እኛም ዘንድ አለ። የአማርኛ ተከታታይ ድራማዎች ስርጭታቸው ሲያልቅ ማረፊያቸው ዩቲዩብ ሆኗል፤ እዚያ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ዘፈን ያለበት ክፍል ድምፁ ሊዘጋ፣ ገቢው ለሌላ ሊሄድ ይችላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት ብቻ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ለደራሲውም ለድምፅ ቅጂ አሳታሚውም መብት ሰጥቷል፤ «ወዳጄ ነው፣ ተጠቀምበት ብሎኛል» የሚባል ውል የለም። ስለዚህ አዘጋጆች ዘፈን ሲያስገቡ ለቴሌቪዥን ብቻ ሳይሆን ለኢንተርኔትም፣ ወደፊት ለሚመጣውም የማሳያ መንገድ በጽሑፍ ይዋዋሉ። ጣቢያዎችም ክፍያውን በበጀታቸው ይያዙ። ዘፈን የተቀየረበት ሥራ በድጋሚ ሲወጣ ደግሞ የትኛው ክፍል ላይ ምን እንደተቀየረ በሽፋኑ ወይም በመግለጫው ላይ፣ ተመልካቹ ገንዘቡን ወይም ሰዓቱን ከማውጣቱ በፊት ይጻፍለት።