ባሱ የት ሄደ?

ስልካችሁን አውጡና የምትወዱትን ዘፈን በስልኩ ስፒከር ክፈቱት። ድምፃዊው ይሰማል፣ ኪቦርዱ ይሰማል፣ ጭብጨባው ይሰማል። ባስ ጊታሩስ? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ የለም። ባለ አራት ክር ባስ ላይ ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የስልክ ስፒከር ደግሞ ከጥቂት መቶ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በወጉ ማውጣት አይችልም፤ ያን ያህል አየር የሚገፋ አካል የለውም። አእምሯችን ግን ጎበዝ ነው፤ ከላይ የሚሰሙትን ድምፆች ይዞ ከታች የጎደለውን በራሱ ይሞላዋል። ባስ የሰማን ይመስለናል እንጂ የሰማነው ጥላውን ነው።

በስልክ ሲሆን ግድ የለም፣ ጥሩ ኢርፎን ሰክቶ መገላገል ነው። የሚያሳዝነው ይኸው ጥላ ከፍለን በምንገባባቸው ቤቶች ውስጥም መከተሉ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ "ላይቭ ባንድ አለ" ተብሎ በተለጠፈበት ትንሽ ላውንጅ ግቡና ጆሯችሁን ወደ ባሲስቱ አዙሩ። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ፊቱ ላይ ስሜት ይነበባል። ድምፁ ግን ብዙ ጊዜ ወይ የለም፣ ወይ ደግሞ የቱ ኖታ እንደሆነ የማይለይ ጉርምርምታ ብቻ ነው።

ጥፋቱ የባሲስቱ አይደለም። ነገሩ በአብዛኛው እንዲህ ነው፦ ቤቱ በማቆሚያ ላይ የተሰቀሉ ሁለት ስፒከሮችና አንድ ሚክሰር አለው። ድምፃዊው፣ ኪቦርዱ፣ ሳክስፎኑ፣ አንዳንዴም የድራሙ ማይክ እዚያው ላይ ይሰካል። ባሱም ገመዱን ይዞ ወደዚያው ይሄዳል። ዝቅተኛ ድምፅ ደግሞ ጉልበት ይበላል። ባሱ ከፍ ሲል ስፒከሮቹ ይጨናነቃሉ፣ የዘፋኙ ድምፅ መሻከር ይጀምራል። ያኔ ሳውንድ ማኑ ምን ያደርጋል? ባሱን ይቀንሳል። ማን ይፈርድበታል? ሰው የመጣው ዘፋኙን ሊሰማ ነው። ባሲስቱ ከስፒከሮቹ ኋላ ስለሚቆም ራሱን አይሰማም፤ ስለማይሰማም ክሩን እንደ ጠላት ይደበድበዋል። ድራመሩም አይሰማውም። ችክችካ ላይ ደሞ ባስና ድራም ካልተደማመጡ ጭፈራው እግር ያጣል። ታዳሚው ምን እንደጎደለ ላያውቅ ይችላል፤ ቶሎ መቀመጡን ግን ይቀመጣል።

የኔ አቋም አጭር ነው፦ ድራም ባለበት ትንሽ መድረክ ላይ ባስ የራሱ አምፕሊፋየር ሊኖረው ይገባል። እንደ ቅንጦት የሚታይ ነገር አይደለም፤ እንደ ድምፃዊው ማይክ የግድ ነው።

"ቀጥታ ሚክሰር ላይ መሰካት እኮ በዓለም የተለመደ ነው" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። የሞታውኑ ባሲስት ጄምስ ጀመርሰን ስቱዲዮ ውስጥ አብዛኛውን ሥራውን የቀዳው ባሱን በቀጥታ ኮንሶሉ ላይ ሰክቶ ነው። ዛሬም ትልልቅ መድረክ ላይ ጆሮ ውስጥ በሚገባ ማዳመጫ ብቻ የሚሠሩ ሞልተዋል። ግን ያው ጀመርሰን ክለብ ሲጫወት አምፔግ ቢ-15 የሚባል አምፕሊፋየር ይጠቀም ነበር። ስቱዲዮ ውስጥ ድምፁን የሚያስተካክል ባለሙያ አለ፤ ትልቅ መድረክ ላይ ግዙፍ ሰብዉፈሮች አሉ። ትንሹ ላውንጅ ውስጥ ሁለቱም የሉም። ቤቱ ሰብዉፈርና ለሙዚቀኛው የሚሆን ሞኒተር ካለው እሰየው፣ ክርክሩ አለቀ። ከሌለው ግን "ሚክሰሩ ይበቃል" ማለት የሌለ ነገር ላይ መደገፍ ነው።

አምፔግ የሚለው ስም ራሱ ታሪኩን ይነግረናል። ኤቨረት ሃል የተባለ አሜሪካዊ ባሲስት እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ትልቁ የእንጨት ባስ በባንዱ መሃል አልሰማ ሲለው፣ መሣሪያው በሚቆምባት እግር ላይ ማይክ ገጠመና በመሣሪያው ሆድ ውስጥ አስገባው። ያቺ እግር በእንግሊዝኛ "ፔግ" ትባላለች፤ "አምፕሊፋይድ ፔግ" የሚለው ሲያጥር "አምፔግ" ሆነ። ቢ-15 እ.ኤ.አ. በ1960 ሲወጣ ኃይሉ ከ25 እስከ 30 ዋት ቢሆን ነው። ከላይ ያለው ማሽን ተገልብጦ ሳጥኑ ውስጥ ስለሚገባ ለመሸከም ይመቻል። ማለትም ከ60 ዓመት በፊትም ጥያቄው ይኸው ነበር፦ ትንሽ ቤት፣ የማይሰማ ባስ፣ የሚጓጓዝ ሳጥን።

ታዲያ ስንት ዋት ይበቃል? እዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ሰው ይሸውዳሉ። ዋት በእጥፍ ሲያድግ የሚጨመረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ጆሮ "እጥፍ ጮኸ" እንዲል ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ መጠጋት አለበት። ስለዚህ በ100 ዋትና በ150 ዋት መካከል ያለው ልዩነት ከዋጋው ልዩነት በጣም ያንሳል። የስፒከሩ መጠንና የሳጥኑ አሠራር ከቁጥሩ እኩል ይታያሉ። በኔ ግምት ድራም ለሌለበት፣ ጊታርና ክራር ብቻ ላለበት ምሽት ከ40 እስከ 50 ዋት ያለችግር ይሠራል። ድራመር ሲጨመር 100 ዋትና ባለ 12 ኢንች ስፒከር መነሻ ነው። ድራመሩ ጉልበተኛ ከሆነና ነፋሾች ካሉበት ከ200 እስከ 300 ዋት። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ቤት ካለ ሸክሙ የባሲስቱ መሆኑ ቀርቶ ባለቤቱ ሲስተም ያስገባ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ የሊድ ጊታር አምፕ ላይ ባስ ሰክታችሁ ድምፁን ከፍ አታድርጉ። ስፒከሩ ለዚያ ድምፅ አልተሠራም፤ ሊበጠስ ይችላል።

"ማን ይሸከመዋል?" የሚለው ምክንያትም ጊዜው አልፎበታል። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው የአምፔግ ኤስቪቲ 300 ዋት ነበር፤ ማሽኑ ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፣ ስፒከሩ ሲጨመር የሰው እርዳታ ይፈልጋል። ዛሬ በክላስ ዲ ቴክኖሎጂ የተሠሩ ባለ 100 ዋት ኮምቦዎች 10 ኪሎ አካባቢ ናቸው። ሚኒባስ ውስጥ ጭን ላይ ይቀመጣሉ። ረዳቱ የአንድ ሰው ሂሳብ ሊጠይቅ ይችል ይሆናል፣ እሱን መከራከር ነው።

አምፑ ከመጣ በኋላም ሥራ አለ። የ41 ኸርዝ ድምፅ ሞገዱ ከ8 ሜትር ይረዝማል፤ ከብዙ ላውንጆች ስፋት ይበልጣል ማለት ነው። ለዚህ ነው በሩ ጋ ባሱ ሆድ ሲመታ፣ ሦስት እርምጃ ቀረብ ሲሉ የሚጠፋው። አምፑን ጥግ ላይ መሸጎጥ ጉርምርምታውን ያባብሰዋል። ከግድግዳው ራቅ፣ ከመሬት ከፍ ማድረግ ይሻላል፤ የቢራ ሳጥንም ቢሆን ይሠራል። ድምፁ አልለይ ካለ ደግሞ ባስ የሚለውን ቁልፍ መጨመር ሳይሆን መቀነስ፣ መካከለኛውን ትንሽ ከፍ ማድረግ። ቤታችሁ ብቻችሁን ስትጫወቱ የሚያምረው ወፍራም ድምፅ ከባንድ ጋር ሲሆን ይሰጥማል። በዚያ ላይ ብዙ አምፖች ከኋላቸው ወደ ሚክሰር የሚሄድ መውጫ አላቸው። አምፑ ለመድረኩ፣ ሚክሰሩ ለታዳሚው፤ ሳውንድ ማኑም ይገላገላል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፣ ወደ ገንዘቡ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የምንዛሪ ገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የሙዚቃ ዕቃ ዋጋ ምን ላይ እንደደረሰ ለሙዚቀኛ አይነገረውም። ስለዚህ ብዙው ሰው ተስፋ የሚያደርገው የዘመድ ሻንጣ ላይ ነው። አሜሪካ ያለው የአክስት ልጅ ሲመጣ ያገለገለ አምፕ ይዞ ይመጣል። ደስታው ግን አንዳንዴ አንድ ምሽት እንኳ አይቆይም። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፣ እኛ ጋ 220። ጠረኑ የሚታወቅ ነው፤ ፕላስቲክ ተቃጠለ፣ ጭስ ወጣ፣ አበቃ። አንዳንድ አዳዲስ ማሽኖች ከ100 እስከ 240 ቮልት በራሳቸው ይቀበላሉ፣ አንዳንዶቹ መቀየሪያ ማብሪያ አላቸው፣ ሌሎቹ ግን ትራንስፎርመር ካልተደረገላቸው አይሆኑም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዕቃው ሳይገዛ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። ትራንስፎርመር ከተገዛም አቅሙ አምፑ ከሚፈልገው ዋት የበለጠ ይሁን።

ይህችን የአንድ ደቂቃ ምክር ሰው ከየት ያገኛል? ከቴሌግራም ግሩፕ መሆን ነበረበት። የሙዚቀኞች ግሩፖች አሉን፣ አባላቱም ብዙ ናቸው። ግን አብዛኛው የማያቸው ልጥፎች ሁለት ዓይነት ናቸው፦ "ለሽያጭ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር" እና ፈጣን ጣት የሚያሳይ ቪዲዮ። ሁለቱም ይኑሩ፣ አልተጣላሁም። ግን ቪዲዮው በስልክ ነው የሚታየው፤ ስልክ ደግሞ ባስ አያሰማም። ስለዚህ በስልክ የሚሰማው ዓይነት አጨዋወት፣ ማለትም ላይ ላዩን ያለው ጥፊና ሩጫ፣ ላይክ ይሰበስባል። ሙሉ ዘፈን አራት ኖታ ይዞ ባንዱን ያቆመው ልጅ ማንም አያየውም። ወጣቱ ባሲስት ከዚህ ምን ይማራል? ቀጣዩ ብር ሲገኝ ሌላ ፔዳል መግዛትን።

ግሩፖቹ ሌላ ሥራ ቢሠሩስ? የትኛው ሞዴል በ220 እንደሚሠራ መዝግቦ መያዝ፣ ማን በደንብ እንደሚጠግን መጠቆም፣ የትኛው ቤት ምን ሲስተም እንዳለው መናገር፣ ዋጋን በግልጽ መጻፍ። ከዚያም አልፎ ዕቁብ። ኧረ ዕቁብ ለስንት ነገር ይጣላል! አምስት ባሲስቶች ተሰብስበው አንድ ጥሩ አምፕ ቢገዙና ሥራ ያለው ተራ በተራ ቢወስደው፣ ቢበላሽም በጋራ ቢያሠሩት ምን ይከብዳል? የጋራ ዕቃ ጠብ ያመጣል የሚል ስጋት አለ፣ እውነትም ሊያመጣ ይችላል። ለዚህ ነው ደንቡን ቀድሞ ጽፎ ግሩፑ ላይ መሰካት።

ይህ ሁሉ ለአንድ ሳጥን ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ሳጥኑ አይደለም። ባንዶቻችን አንድ ጊዜ ሙሉ የነፋሽ ክፍል ነበራቸው። ከዚያ ኪቦርድ መጣ፣ "የትራምፔቱን ድምፅ እሱ ያወጣዋል" ተባለ፣ ነፋሾቹ ከብዙ መድረክ ወረዱ። ዛሬ ደግሞ "ባሱን ኪቦርዱ በግራ እጁ ይጫወተዋል" የሚሉ ቤቶች እየበዙ ነው። ባለቤቱ ስሌቱን የሚሠራው በጆሮው ነው፤ ያልሰማውን ሰው ለምን ይከፍለዋል? ባሲስቱ ሳይሰማ በቆየ ቁጥር የመባረሪያ ደብዳቤው እየተጻፈ ነው። ያ ከሆነ ነገ የሮሃ ባንዱን የጆቫኒ ሪኮን ዓይነት ባሲስት ከየት እናመጣለን? በካሴቱ ዘመን ያን ሁሉ ድምፃዊ ያጀበው የሮሃ ድምፅ ከሥር ያ ባስ ባይኖር ምን ይሆን እንደነበር አስቡት። እንዲህ ያለ ባሲስት የሚያድገው ማታ ማታ፣ ከድራመር ጎን፣ ራሱን እየሰማ ነው።

የቤት ባለቤቶች፣ ለቀጣዩ የመብራት ማስጌጫ ካሰባችሁት ላይ ቀንሳችሁ አንድ የባስ አምፕ አስገቡ፤ የቤቱ ይሁን፣ ባንድ ሲቀያየር አይሄድም። የባንድ መሪዎች፣ ውል ስትነጋገሩ "የባስ አምፕ አለ?" የሚለውን ከክፍያው ቀጥሎ ጠይቁ። ባሲስቶች፣ ከሁለተኛው ጊታር በፊት የመጀመሪያው አምፕ ይቅደም።

እናንተ አድማጮች ደግሞ፣ ቅዳሜ ማታ ስትወጡ ስልካችሁን ኪስ ውስጥ ክተቱና ባሱን ፈልጉት። ካጣችሁት ለአስተናጋጁ ንገሩት፣ "ባሱ አይሰማም" በሉት። ዘፋኙ አልሰማ ሲላችሁ ዝም አትሉም አይደል?