መጥኖ መደቆስ በኮምፒውተር ገበያ

ጨዋታ ከሰው ልጅ ጋር አብሮ የኖረ ነገር ነው። አባቶቻችን ከዛፍ ጥላ ሥር ገበጣ ተጫውተዋል፤ በልደት ሰሞን ገና መትተዋል፤ የአዊ ፈረሰኛም እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ላይ ፈረሱን አስጊጦ ይጋልባል። የዛሬው ወጣት ደግሞ ከፑልና ከጆተኒ ቤት አልፎ ፊቱን ወደ ኮምፒውተር ጨዋታ አዙሯል። ይህን አይቶ «ዘመኑ ተበላሸ» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን ወቀሳ ብቻውን ገንዘብ አያድንም፤ ልጅም አያስተምርም። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፌ፣ አንድ ወጣት ጥቂት ገንዘብ ይዞ በጠባብ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ፣ ለጨዋታም ለትምህርትም የምታገለግል ትንሽ ኮምፒውተር ለማግኘት ቢያስብ፣ ዕቃዎቹን እንዴት ቢመርጥ እንደሚሻል ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ነገሩን ያስነሡት ከተማሪዎቼ የአንዱ አባት ናቸው። ሰውየው የፋግታ ለኮማ ገበሬ ናቸው። በዚያ ወረዳ ዲከረንስ የሚባለው ዛፍ ተተክሎ በአራትና በአምስት ዓመቱ ይቆረጥና ከሰል ሆኖ ይሸጣል፤ የብዙ ቤት ልብስና ደብተር፣ ማዳበሪያና የሠርግ ወጪ የሚሸፈነው ከዚሁ ነው። «መምህር፣» አሉኝ፣ «ይህ ልጅ ኮምፒውተር ካልገዛህልኝ እያለ እንቅልፍ ነሣኝ። የዲከረንሱ ገንዘብ እጄ ላይ አለ። ነገር ግን የአምስት ዓመት ዛፍ ነው፤ እንደ ገና እስኪበቅል አምስት ዓመት ነው። ለጨዋታ ላውለው ወይስ ለቁም ነገር?»

ጥያቄው የእኒህ አባት ብቻ አይደለም፤ በዳንግላም በእንጅባራም ብዙ ቤት ውስጥ የሚነሣ ነው። የእኔ መልስ፣ ዕቃው በሚገባ ከተመረጠ ሁለቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ ይገኛሉ የሚል ነው። የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት መጀመሩ የታወቀ ነው። ማውዝ ይዞ የማያውቅ ልጅ ከእንዲህ ያለው ፈተና ፊት ሲቀርብ፣ ጥያቄውን ከመመለሱ በፊት ከመሣሪያው ጋር ይታገላል። በጨዋታ እጁን ያፍታታ ልጅ ግን ይህ ችግር የለበትም። ከዚህም በላይ ጨዋታና የኮምፒውተር ዕውቀት ጥንትም ጎረቤት ነበሩ። በ1962 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም «ስፔስዋር» የተባለውን ከመጀመሪያዎቹ የኮምፒውተር ጨዋታዎች አንዱን የጻፉት ወጣቶች ነበሩ። በአገራችንም «ኩኩሉ» የተባለውን የሩጫ ጨዋታ የሠሩት ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ናቸው።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ በ57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ስለ ሆነ ዋጋው አብሮ ወጣ። በዚህ ላይ በ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩት ታላላቅ የመረጃ ማዕከሎች የዓለምን የማስታወሻ ምርት ስለ ተሻሙት፣ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ናረ። ስለዚህ ዛሬ የምጽፈው የብር ዋጋ ለሚቀጥለው ወር ስለማይሆን፣ ሒሳቡን ከመቶ እጅ አድርጌ ብናገር ይሻላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ገዢው «ምን ልጫወትበት ነው?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። የእግር ኳስ ጨዋታና ቀላል የተኩስ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ሌላ ነው፤ በዚህ ዓመት የወጣውን እጅግ ከባድ ጨዋታ በጥሩ ምስል ላጫውት የሚል ደግሞ ሌላ ነው። ሁለተኛው ምኞት በትንሽ ገንዘብ አይሆንም። የጥቂት ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ጨዋታዎች የመረጠ ሰው ግን ግማሹን ወጪ ከመጀመሪያው አተረፈ። ቀጥሎም ከጠቅላላው ገንዘብ ሩቡን ለሞኒተር፣ ለኪቦርድና ለማውዝ፣ እንዲሁም መብራት ሲጠፋ ለሚይዘው ዩፒኤስ ለይቶ ያስቀምጥ። ብዙ ወጣት ገንዘቡን በሙሉ በሳጥኑ ላይ ጨርሶ ሞኒተር ሲያጣ ታይቷል።

ስለ ትንሽነትም አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1946 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ የታየው ኢኒያክ የተባለው ኮምፒውተር 30 ቶን ያህል ይመዝን ነበር፤ ዛሬ ግን ከእርሱ እጅግ የሚበልጥ ኮምፒውተር በብብት ይያዛል። የታይዋኑ ቪያ ኩባንያ በ2001 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ሚኒ-አይቲኤክስ የተባለ ማዘርቦርድ ጎኑ ሁሉ 17 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን በዚህ ዓለም ትንሽ ማለት ርካሽ ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ባብዛኛው ተቃራኒው ነው። ሚኒ-አይቲኤክስ ማዘርቦርድ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የራም ቀዳዳና አንድ የካርድ ቀዳዳ ብቻ ሲኖረው፣ ዋጋው ግን ከትልቁ ይበልጣል። ስለዚህ ኪሱ ቀጭን የሆነ ሰው ማይክሮ-ኤቲኤክስ የሚባለውን፣ ጎኑ እስከ 24.4 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰውን ቢመርጥ፣ በሰባት ሳንቲ ሜትር ልዩነት ብዙ ገንዘብ ይተርፈዋል።

እንግዲህ ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው መንገድ ከውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች አገልግሎ የመጣ አነስተኛ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ፣ ኤችፒ ኤሊትዴስክና ሌኖቮ ቲንክሴንተር የሚባሉት በመርካቶም በባሕር ዳርም ሱቆች የታወቁ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ እንደ መጽሐፍ የቀጠነው በጣም ትንሹ ዓይነት ለቢሮ እንጂ ለጨዋታ አይሆንም፤ በአብዛኛው ካርድ የሚገባበት ቦታ የለውምና። የሚፈለገው ከእርሱ ከፍ የሚለው፣ ኤስኤፍኤፍ የሚባለው ነው። ይህም ቢሆን የሚቀበለው ቁመቱ ያጠረውን ካርድ ብቻ ነው። ከዚህ ዓይነት ካርዶች በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይና በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂቲኤክስ 1650 ይጠቀሳሉ፤ ሁለቱም 4 ጊጋባይት ማስታወሻ አላቸው። ብዙዎቹ ከማዘርቦርዱ ቀዳዳ ከሚያገኙት 75 ዋት በቀር ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ አይፈልጉም፤ ሆኖም በአንዳንዱ 1650 ላይ የገመድ ቀዳዳ ስላለ አይቶ መግዛት ነው። በዚህ መንገድ ከመቶው ብር 55ቱን ለኮምፒውተሩ፣ 30ውን ለካርዱ፣ 15ቱን ለአዲስ ኤስኤስዲ መመደብ ይቻላል። ራሙ ከኮምፒውተሩ ጋር ስለሚመጣ ከአዲሱ የራም ዋጋ መዳን አንዱ ጥቅሙ ነው።

ጉዳቱም መታወቅ አለበት። የእነዚህ ኮምፒውተሮች ፓወር ሳፕላይ በአብዛኛው ኩባንያው ለራሱ የሠራው ስለ ሆነ፣ ቢቃጠል ከገበያ የተገኘ ሁሉ አይገጥምለትም። እንደዚሁም ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በደንቡ መሠረት ከኢንቴል 8ኛው ትውልድ በታች ያለውን አብዛኛውን ፕሮሰሰር አይቀበልም። ስለዚህ ኮር አይ5 6500 እና ኮር አይ5 8500 ጎን ለጎን ቢቀርቡ፣ የሁለተኛው ዋጋ ጥቂት ቢበልጥም እርሱን መውሰድ ይሻላል። የመጀመሪያው አራት ኮር ሲኖረው ሁለተኛው ስድስት አለው።

ሁለተኛው መንገድ ያለ ካርድ በአዲስ ዕቃ መሥራት ነው። አንዳንድ ፕሮሰሰር የምስሉን ሥራ ራሱ ይሠራል። ለምሳሌ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ስድስት ኮር አለው፤ 65 ዋት የተመደበለት ሲሆን ቀላል ጨዋታዎችን ያለ ካርድ ያጫውታል። በዚህ መንገድ ከመቶው ብር 30 ለፕሮሰሰር፣ 20 ለማዘርቦርድ፣ 20 ለራም፣ 13 ለኤስኤስዲ፣ 12 ለፓወር ሳፕላይ፣ 5 ለሳጥኑ ቢመደብ ሚዛኑን ይጠብቃል። ጥቅሙ ገንዘብ ሲገኝ ቆይቶ ካርድ መጨመር መቻሉ ነው። ይሁን እንጂ ስሙ «ኤፍ» በሚል ፊደል የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለ ካርድ ምስል ስለማያወጣ፣ ለዚህ መንገድ አይሆንም።

በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ራሙን ባለ 16 ጊጋባይት አንድ ከሚገዛ፣ ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ገዝቶ በጥንድ ይሰካ። ምክንያቱ ፕሮሰሰሩ ምስሉንም የሚሠራው በዚሁ ራም ስለ ሆነ፣ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲያቀብሉት ሥራው ይፈጥናል። በአንድ በሬ የሚያርስ ገበሬ የለም፤ ጥማዱ ሲሟላ ነው እርሻው የሚቃናው።

ለእኒያ አባት የመከርኩት የመጀመሪያውን መንገድ ነው፤ ካርዱ ግን ወዲያው እንዳይገዛ አሳሰብኩ። ልጁ በኮምፒውተሩ ግማሽ ዓመት ይማርበት፤ ካርዱ ከውጤቱ በኋላ ይምጣ። አባትም «ይህስ ደግ ነው፤ በሬውን አይቼ ማረሻውን እጨምራለሁ» አሉኝ። ልጁ ጥቂት ፊቱን አጠቆረ፤ ሆኖም ዋጋውን በየሱቁ ጠይቆ በደብተሩ የጻፈው እርሱ ራሱ ነው።

በአገራችን ሁኔታ ከሁሉ የሚያሠጋው የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ታላቁ የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ነገር ግን ኃይል መኖርና የሰፈር መስመር አለመዋዠቅ ሁለት ነገሮች ናቸው። እንዲህ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ከነሞኒተሩ ሲጫወቱበት 200 ዋት አካባቢ ቢወስድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። ጎረቤት ምጣድ ሲጥድ መብራቱ ፈዘዝ የሚልበት ቤት፣ ያለ ስታቢላይዘር ወይም ያለ ዩፒኤስ ኮምፒውተር መሰካት የለበትም። ከፓወር ሳፕላይ ላይ ገንዘብ መቆጠብም ትልቅ ስሕተት ነው። ርካሹ ሲቃጠል ብቻውን አይሄድም፤ ማዘርቦርዱን ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስለ ሙቀት ግን የአዊ ሰው ጥቂት ታድሏል። በእንጅባራ ከፍታ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው በአንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ማራገቢያው የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ነገር ግን የቀዝቃዛው አየር ጠባይ ይህን ያካክሰዋል። የሚያስቸግረው የበጋው አቧራ ነው። ሳጥኑን ከመሬት ላይ አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ፣ በሦስት ወር አንድ ጊዜም ከፍቶ በለስላሳ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል። በቀይና በአረንጓዴ መብራት ያጌጠ ሳጥን ለመግዛት ከካርዱ ገንዘብ የሚቀንስ ሰው፣ ኮርቻው ያማረ፣ ፈረሱ ግን የሚያነክስ ጋላቢ ይመስላል።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ ከሻጩ ፊት ሳይቸኩል ይፈትን። ኮምፒውተሩ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሥራ፤ የዩኤስቢ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ይሞከሩ። የካርዱ ነገር ይልቁን ጥንቃቄ ያሻዋል። አሮጌ ካርድ ስሙ በፕሮግራም ተለውጦ «1050 ቲአይ» ተብሎ የሚሸጥበት ማጭበርበር በዓለም ገበያ የታወቀ ነው። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ይህን ያጋልጣል፤ በፍላሽ ይዞ መሄድና እዚያው አስከፍቶ ማየት ነው። ሻጩ «ይህን ማየት አይቻልም» ካለ፣ አመስግኖ መውጣት ነው።

የጨዋታው ዓይነት ሲመረጥም ኢንተርኔትን ማሰብ ይገባል። አንዳንዱ ጨዋታ ብቻውን ከ100 ጊጋባይት በላይ ቦታ ስለሚወስድ ማውረዱ ራሱ ወጪ ነው። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ እንደ ነበረም አንረሳውም። ስለዚህ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ጨዋታዎችን፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ የሚጫወታቸውንም መምረጥ ጥበብ ነው። እንዲህ ያለው ጨዋታ ልጁን ከሰው አይለየውም፤ ጓደኞቹን ወደ ቤት ይጠራለታል።

እናቶቻችን «መጥኖ መደቆስ» የሚሉት ነገር አለ፤ ድስቱ ከተጣደ በኋላ የሚደረግ ጸጸት ወጡን አያጣፍጠውምና። ኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት አንድ ምሽት፣ አንድ ወረቀትና አንድ እርሳስ ይበቃል፤ በወረቀቱ ላይ የሚጫወተው ጨዋታ፣ ያለው ገንዘብ፣ የዕቃው ዝርዝርና የየሱቁ ዋጋ ይጻፍ። ወላጆችም በዚያው ወረቀት ግርጌ የጥናቱንና የጨዋታውን ሰዓት ከልጃቸው ጋር ተስማምተው ይጻፉበት። ወረቀቱን አባትና ልጅ አብረው ከጻፉት፣ ሳጥኑ ቤት ሲገባ ጠብ ይዞ አይገባም።