ዘር ከልጓም ይስባል፤ ልጓሙ ግን አልተበጠሰም

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ እስቲ ዛሬ ስለ ቦርጭ እናውራ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

አርባን የተሻገራችሁ ሰዎች ሠርግና ለቅሶ ላይ ስትገናኙ የምትባባሉትን እሰማለሁ። ወንዱን «ተመችቶሃል!» ትሉታላችሁ። ሴቷን ግን «ምነው እንዲህ ሆንሽ? ምግብ ቀንሺ እንጂ!» ዞር ስትል ደግሞ «ሆዳም» ይጨመርባታል። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝና ይሄ ፍርድ ያናድደኛል። ነውርነቱ ሳያንስ በሳይንስም ልክ አይደለም።

ከአንድ ትሪ የሚበሉ ሁለት እህትማማቾችን አስቡ። አንዷ ጥቂት ጎርሳ «በቃኝ» ትላለች፣ ሌላዋ ገና መብላት መጀመሯ ነው። አንዷ ጨዋ፣ ሌላዋ ስግብግብ ሆና አይደለም። «ጠግበናል» የሚለው መልእክት ከአንጀትና ከሰውነት ስብ ተነስቶ ወደ አንጎል ይሄዳል። መልእክቱ ቶሎ መሰማቱና አለመሰማቱ በከፊል በጂን ይወሰናል፤ ጂን ደግሞ ከሰው ሰው፣ ከእህት እህት ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ተመራማሪዎች ኤፍቲኦ የሚባለውን ጂን ከውፍረት ጋር አገናኙት። ለውፍረት የሚያጋልጠውን ዓይነት ከእናትም ከአባትም የወረሱ አውሮፓውያን፣ ካልወረሱት በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይከብዱ ነበር። በኋላ ሕፃናት ላይ ሲታይ፣ ይህን ጂን የያዙት ቅባትና ጣፋጭ የበዛበትን ምግብ አብዝተው ይበላሉ። አምሮትም ይወረሳል ማለት ነው። ክፍል ውስጥ እንዳስተማርኳችሁ የሜንዴል አተር ግን አንድ ጂን ብቻውን አይወስንም፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጂኖች ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። አባቶቻችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ያሉት ወደው አይደለም።

ለኛ ለወሎዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ በ1944/45 ክረምት፣ ሆላንድ ውስጥ ከባድ ረሃብ ነበር። በዚያን ጊዜ የተፀነሱ ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላ ደማቸው ሲመረመር ጂናቸው ያው ነው፤ ጂኑን የሚያበራና የሚያጠፋው ኬሚካላዊ ምልክት ግን ከወንድምና እህቶቻቸው ተለይቶ ተገኘ። በሰሜን ወሎ፣ ራያ ቆቦ፣ የአገራችን ተመራማሪዎች የ77ቱን ረሃብ ልጆች አጥንተዋል። በማሕፀን ሳሉ ረሃቡ ያገኛቸው ሰዎች ላይ ቦርጩ፣ ደም ግፊቱ፣ ስኳሩና የደም ቅባቱ አንድ ላይ የሚዛባበት ችግር ካላገኛቸው በዝቶ ታይቷል። በእጦት የተሠራ ሰውነት ያገኘውን መቆጠብ ይለምዳል፤ ኋላ ጥጋብ ሲመጣ ይቸገራል። በ77 የተፀነሰ ልጅ ዛሬ አርባን አልፏል። ሐይቅና አምባሰል ውስጥ ከዚያ ዘመን ልጆች አንዱን «ሆዳም» የሚል ሰው፣ እናቱ ያኔ ምን በልታ እንደወለደችው ይጠይቅ።

«ከአርባ በኋላ ሰውነት ማቃጠል ያቆማል» የሚለውስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ፣ ከ29 አገሮች ከ6,400 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ የሰውነት ኃይል አጠቃቀም ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። የተለወጠው ሌላ ነው። ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሴቶች የወር አበባ ሲያቆሙ ስብ ወደ ሆድ ይዞራል። ኑሮውም ተለውጧል። አያቶቻችን የአምባሰልን ዳገት በእግራቸው ወጥተው ወርደው ነበር ገበያ የሚውሉት። እኛ ለሁለት ፌርማታ ባጃጅ እንጠራለን፣ በየዝግጅቱ ለስላሳ ይከፈትልናል። ቀኑን ሙሉ ጾመን ማታ በዳቦና በሳምቡሳ እንክሳለን፤ ይሄ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም ይመለከታል።

እና «ዘሬ ነው» ብለን እንቀመጥ? ኧረ በፍጹም! እ.ኤ.አ. በ2016 ስምንት ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ፣ ከ9,000 በላይ ሰዎች ውስጥ ኤፍቲኦን የወረሱትም ያልወረሱትም በአመጋገብና በእንቅስቃሴ እኩል ነው ኪሎ የቀነሱት። ዘሩ ይስባል፣ ልጓሙ ግን አልተበጠሰም። ልዩነቱ አንዱ ዳገት ላይ፣ ሌላው ሜዳ ላይ መሄዱ ነው። ዳገት የሚወጣን ሰው ደግሞ «በርታ» ይሉታል እንጂ አይሰድቡትም።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው። «በቃኝ» ያለን ሰው «በሞቴ!» እያላችሁ አታስጨንቁ፤ ጉርሻ ፍቅር ነው፣ አንድ ይበቃል። እህታችሁን ስለ ኪሎዋ ከምትናገሯት ወደ ሐይቁ ዳር አብራችሁ ተጓዙ። ሽሮው፣ ምስሩና የሐይቃችን ዓሣ ከለስላሳና ከነጭ ዳቦ የተሻለ ያጠግባሉ። ወገባችሁን በሜትር ለኩ፤ ወንድ ከ94፣ ሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ማስጠንቀቂያ ነው።

በ77 አካባቢ የተወለዳችሁ ደግሞ፣ ወፍራምም ሁኑ ቀጭን፣ በዚህ ሳምንት ጤና ጣቢያ ጎራ በሉና ስኳርና ግፊታችሁን ተለኩ። ስኳር ሳይታወቅ ዓመታት ይቆያል፤ ዓይንና ኩላሊት ከጎዳ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚደነግጠው። አብሽሩ፣ ቀድሞ ለደረሰበት መላ አለው።

ተለክታችሁ ስትመለሱ ኮሜንት ላይ «ተለካሁ» በሉኝ፤ ስም እንደምጠራ ታውቃላችሁ። ሰላም ሁኑልኝ።