ኮምፒዩተሩ አልነሣም ያለ እንደ ሆነ



በአንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሥርዓት ጎን ለጎን መጫን ዛሬ የቅንጦት ነገር አይደለም። ለዊንዶውስ 10 በነፃ ይሰጥ የነበረው የጥበቃ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ተመዝግቦ ማራዘሚያ ያገኘ ቢኖርም ማራዘሚያ ያው ማራዘሚያ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለው የጥበቃ ቺፕ የሌለበትን አሮጌ ኮምፒዩተር በደንቡ አይቀበልም። ስለዚህ በኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ያለ የቴክኖሎጂ ተማሪም ሆነ በአጋሮ ያለ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አሮጌ ላፕቶፑን ከመጣል ይልቅ ኡቡንቱን ወይም ሌላ የሊኑክስ ዓይነት ከዊንዶውሱ አጠገብ ቢጭን የሚያስነቅፈው ነገር የለም። የሚያስነቅፈው ባትሪው በሞተ ላፕቶፕ፣ ያውም መብራት በሚመላለስበት በዝናብ ቀን፣ ሥራውን የጀመረ እንደ ሆነ ነው።

እንግዲህ አለቀ ሲባል፣ ወይም መካከል ላይ ተቋርጦ፣ በጥቁር ስክሪን ላይ «ግረብ ሬስኪዩ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ቀረ እንበል። የመመረቂያው ጽሑፍ፣ የበጀት ዓመቱ ሪፖርት፣ የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። ባለቤቱ ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልሎ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል፤ ባለሙያ ነኝ ባዩም ገና ሳይመረምር «ይኼ ፎርማት ነው የሚፈልገው» ይላል። ይህን ቃል የሰማችሁ እንደ ሆነ ላፕቶፑን መልሳችሁ ተቀበሉ። የበሩ ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት አይቃጠልም።

ማብሪያውን በተጫናችሁ ጊዜ በመጀመሪያ የሚነቃው ዊንዶውስም ሊኑክስም አይደለም። ዩኢኤፍአይ የሚባል፣ በማዘርቦርዱ ላይ በቺፕ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው። እርሱም የስም ዝርዝር አለው፤ በዝርዝሩ ተራ መሠረት በዲስኩ ላይ ወዳለች አንዲት ጠባብ ክፍል ይሄዳል። ይህችን ክፍል ዊንዶውስ በተለምዶ 100 ሜጋባይት ያህል ብቻ ይከልልላታል፤ የዊንዶውስም አስነሺ፣ ግረብ የሚባለው የሊኑክስም አስነሺ በየፎልደራቸው የሚቀመጡት በርሷ ነው። ሰነዶቻችሁ ግን ያሉት በሌላ ክፍል ነው። አስነሺው ቢሰናከል ሰነዱ አይነካም። በሚጭንበት ጊዜ «ዲስኩን በሙሉ አጥፋ» የሚለውን መርጦ ያለፈ ሰው ነገሩ ልዩ ነው፤ እርሱ ማሽኑን ወዲያው ያጥፋ፣ በላዩም ምንም ነገር አይጻፍበት፣ የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ሰው ይፈልግ።

ሌሎቻችሁ አስቀድማችሁ ቀላሉን ሞክሩ። ላፕቶፑን እያበራችሁ የመነሻ ምርጫ የሚያወጣውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ በዴልና በሌኖቮ ብዙውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው። «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር» የሚል ስም ከታያችሁ ምረጡት። ሊኑክሱ ሰለቸኝ ብሎ ክፍሉን ከዊንዶውስ ውስጥ ሆኖ የሰረዘ ሰው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ይድናል፤ የግረብ ፋይሎች ከክፍሉ ጋር ስለ ጠፉ ነው እንጂ ዊንዶውሱ ምንም አልሆነም። የሚቀረው በዩኢኤፍአዩ ውስጥ ተራውን ማስተካከል ብቻ ነው።

ይህ ካልሠራ ኡቡንቱ የተጫነበትን ፍላሽ ሰክታችሁ፣ «ጫን» የሚለውን ሳይሆን «ሞክር» የሚለውን ይዛችሁ ግቡ። ከጥገናው በፊት ሰነዱን ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱ! ይህን ቅደም ተከተል የሚያፋልስ ሰው ምክር አያስፈልገውም። ዊንዶውሱ በትክክል ሳይጠፋ የቀረ እንደ ሆነ ክፍሉ ለንባብ ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ለመቅዳት ይበቃል። ክፍሉ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ በማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተመዝግቦ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ወደ ጥገናው ነው። ሊኑክሱ ሙሉ ሆኖ አስነሺው ብቻ ከጠፋ፣ ከዚያው ፍላሽ ላይ ኢንተርኔት ተገናኝቶ «ቡት ሪፔር» የተባለውን ፕሮግራም ማስኬድ ብዙ ሰው አውጥቷል። ዊንዶውሱን ብቻ መመለስ ለሚፈልግ፣ ከዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ የትእዛዝ መስኮት ከፍቶ «ቢሲዲቡት» በሚለው ትእዛዝ የዊንዶውሱን ፎልደር መጠቆም ነው (ትእዛዙ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው)፤ ነገር ግን በዚያ መስኮት ውስጥ ድራይቩ የተለመደው «ሲ» ላይሆን ስለሚችል አስቀድማችሁ አረጋግጡ። ሰው ሁሉ አፉን የፈታበት «ፊክስ ኤምቢአር» የሚጠቅመው ባዮስ ለሚጠቀሙ አሮጌ ማሽኖች ነው። በእነርሱ ዘንድ አስነሺው የሚጀምረው ከዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ነውና። በዩኢኤፍአይ ማሽን ላይ ያንን ትእዛዝ መቶ ጊዜ መደጋገም ድካም ብቻ ነው። ዊንዶውሱ በዩኢኤፍአይ ተጭኖ ሳለ ሊኑክሱን በአሮጌው መንገድ መጫንም አንዱ የስንክልናው ምንጭ ስለ ሆነ፣ ፍላሹ በየትኛው መንገድ እንደ ተነሣ ሳታዩ አትጀምሩ።

ደግሞም ጥፋቱ ሁልጊዜ የጫኚው አይደለም። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ያወጣው እድሳት፣ አሮጌ የሊኑክስ አስነሺዎችን በሴኪዩር ቡት በኩል ስለ ከለከለ፣ ሁለት ሥርዓት የጫኑ ብዙ ሰዎች ሊኑክሳቸው በድንገት አልነሣ አላቸው፤ «ኤስባት» የሚል ቃል ያለበት የስሕተት ማስታወቂያ ይወጣ ነበር። መፍትሔው በግንቦት 2017 ዓ.ም. እድሳት መጣ። ያን ጊዜ የነበረው መላ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ፣ በሊኑክስ በኩል ያንን ክልከላ ሰርዞ፣ እንደ ገና ማብራት ነበር። ዛሬም በዕቃ ክፍል ሲቀመጥ ከርሞ እድሳት ያላገኘ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ይህንኑ ማስታወቂያ ሊያወጣ ይችላል። ሴኪዩር ቡትን ከመንካታችሁ በፊት ግን የቢትሎከሩን 48 አኃዝ በወረቀት ገልብጡ፤ ለውጡን ባየ ጊዜ ዊንዶውስ ያንን ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላልና።