የቤታችን ዘብ የተደራጀው ጎረቤት ነው

የሠርቶ አደሩ ቤት የላቡ ማከማቻ ነው። በጎተራ ያለው ገብስ፣ በጋጣ ያሉት በጎች፣ በሣጥን የተቆለፈው የልጆች የደብተር መግዣ ሁሉ የዓመት ድካም ውጤቶች ናቸው። ስለሆነም ቤት ሰርስሮ የሚገባ ሌባ የሚወስደው ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሰውን የሥራ ቀናት ጭምር ነው። ይህን ወንጀል እንደ አንድ አባወራ ዕድለ ቢስነት ቆጥሮ ማለፍ መሠረታዊ ስህተት መሆኑን ከወዲሁ ማስገንዘብ እንወዳለን።

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ በጮቄ ተራራ አቅጣጫ የምትገኘው ሮብ ገበያ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ትሆነናለች። ከተማይቱ ስሟን ያገኘችው ከገበያ ቀን ነው። በደጋማው ጎጃም የገበያ ቀን ሲደርስ ገበሬው ገብሱንና ድንቹን ጭኖ ይወጣል፤ እመቤቲቱም ቅቤዋንና እንቁላሏን ይዛ ትከተላለች፤ ቤቱ ለሕፃንና ለአዛውንት ይቀራል፣ አለዚያም ኦና ይውላል። ገበያተኛው የሚያውቀውን ቀን ሌባውም ያውቀዋል። እንግዲህ የጥበቃችን የመጀመሪያ ጥያቄ «ቁልፉ ምን ያህል ጠንካራ ነው?» የሚል ሳይሆን «ቤቱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት ማን ያየዋል?» የሚል መሆን ይኖርበታል።

የአካባቢው ቤት አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ዛፍ እንጨት ቆሞ፣ በጭድ በተቦካ ጭቃ ተመርጎ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ነው። ባለቤቱ በበሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ሲያንጠለጥል ሌባው በጓሮ በኩል ጭቃውን አርሶ፣ ማገሩን ነቅሎ ይገባል። በሩን የሚጠብቅ ቁልፍ ጓሮውን አያይም፤ ጓሮውን የሚያየው የጎረቤት ዓይን ነው። በከተማም ባለገንዘቡ አጥሩን በጠርሙስ ስባሪ ሲያስከብርና ዘበኛ ሲቀጥር፣ ሌባው ሥራውን አይተውም፤ አጥር ወደሌለው ደኻ ቤት ይሻገራል። በተናጠል የሚደረግ ጥበቃ ስርቆትን ከቤት ወደ ቤት ያዘዋውረዋል እንጂ አያጠፋውም።

አባቶቻችን ሌባን በጋራ መፈለግ ያውቁበት ነበር። አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ በተባለው ሥርዓት የአገሩ ሰው ተሰብስቦ ጠቋሚ እስኪገኝ ይታገድ፣ የቀረም ይቀጣ ነበር። ሌባ ሻይ በተባለው ልማድ ደግሞ አደንዛዥ መጠጥ የተሰጠው ልጅ እየተመራ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ያለ አንዳች ማስረጃ ተጠያቂ ይሆን ነበር። የመጀመሪያው የብዙኃኑን የሥራ ቀን ይበላል፤ ሁለተኛው ንጹሑን ይወነጅላል። ሁለቱም «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ከጥፋቱ በኋላ የሚመጡ ነበሩ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ሲቋቋሙ፣ ሰፈርተኛው በቀበሌ ተደራጀ፤ ኋላም የጥበቃ ጓዶች ተመሠረቱ። ይሁንና በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወቅት ለአካባቢ ጥበቃ የታደለው መሣሪያ በነዋሪው ልጆች ላይ መዞሩ የማይካድ የታሪክ ሐቅ ነው። በታንዛኒያም በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የከብት ሌባን ለመከላከል በሱኩማና በኒያምዌዚ ገበሬዎች መካከል የተነሳው ሱንጉሱንጉ የተባለው የመንደር ጥበቃ ሌብነትን ቢቃወምም፣ ተጠርጣሪዎችን በማሠቃየት ተከሷል። ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ጠባቂው በሚጠብቀው ሕዝብና በሕግ ቁጥጥር ሥር ካልዋለ፣ ከሌባው የባሰ ሥጋት ይሆናል።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት የብዙ ሰፈሮችን ጸጥታ በማናጋቱ፣ ጉዳዩ ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። የሕግ እጅ በራቀበት ስፍራ ሌባ ይደፍራል፤ ቁጣም ፍርድን ይቀድማል። የተያዘን ሰው በደቦ መደብደብ ግን ጥበቃ አይደለም። ሕይወት በዱላ ከጠፋ ወንጀሉ ከስርቆት እጅግ የከፋ ነው፤ ግብረ አበሮቹም ሆኑ የዕቃው መድረሻ ከሟቹ ጋር አብረው ይቀበራሉ።

ስለሆነም ተግባራችን ከዕለት ተዕለት ኑሮ ይጀምር። በገበያ ቀን ጎረቤታሞች ተራ ገብተው አንዳንድ ሰው በሰፈር ያስቀሩ፤ የቀረውም ሰው ሸቀጡን ጎረቤቱ ይሽጥለት። የጓሮ ግድግዳ ሥሩ በድንጋይ ይጠናከር፤ መሰላልና የማገዶ ክምር ከግድግዳ ይራቅ፤ ቁልፍ ከደጃፍ ድንጋይ ሥር አይሸሸግ። ኡኡታ ሲሰማ ማን በየትኛው በኩል እንደሚወጣ በእድሩ ስብሰባ አስቀድሞ ይወሰን። የጥበቃው ተራ ለሀብታም የማይቀር፣ ለደኻ የማይበዛ ይሁን፤ ተረኛውም ያየውን ለማኅበሩ ያስረዳ፤ የተያዘ ሰው ሳይነካ ለሕግ ይቅረብ።

ከሁሉም በላይ ገዢ ያጣ ሌባ እንደማይሰርቅ እንወቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የተሰረቀ ዕቃን እያወቁ መቀበልን በአንቀጽ 682 ወንጀል አድርጎታል። በርካሽ የቀረበለትን በግ ወይም የቤት ዕቃ ባለቤቱን ሳይጠይቅ የሚገዛ ሰው ለነገው ሰርሳሪ ስንቅ ያቀብላል፤ የሚቀጥለው ግድግዳ የራሱ ሊሆን እንደሚችልም ይዘነጋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ነቅተን፣ ተደራጅተን፣ ከሕግ ሳንወጣ የላባችንን ፍሬ እንጠብቅ!